በአንድ ዛፍ ላይ ሁለት ስም

ነገሩ የጀመረው የቅርሣን ተራራ ራቁቱን ባደረ ዕለት ነው።

ከዚያ በፊት በየማለዳው ከባሕረ ሉል የተነሣ ነጭ ጉም በሰምራድ ምድር ላይ ያልፍ ነበር። የስም ዱርን ቅጠል በቅጠል እየዳሰሰ ወደ ደጋው ይወጣል፤ በቅርሣን ራስ ላይ እንደ ጥምጥም ይጠመጠማል፤ ከሰዓት በኋላም ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። የሰምራድ ሰው ይህን ሲያይ ኖሮ ኖሮ ማየቱን ትቶት ነበር። ተራራው ራቁቱን ሲያድር ግን አገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀና አለ። በማግስቱም ጉም የለም። ከዚያ በኋላም የለም። የዘሐይ ወንዝ እየቀጠነ ሄዶ፣ ማንም አይቷቸው የማያውቃቸውን ድንጋዮቹን አውጥቶ አሳየ። ንቦች ቀፎአቸውን ጥለው ሄዱ። ላሞች ደረቁ።

ያን ጊዜ ነጋሪት ተጎሰመ።

«ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ደመናችንን የሰረቀው የቅርሣን ዘንዶ፣ ሉሓም ነው! ዘንዶውን ገድሎ ደመናውን ያስመለሰ ከንጉሡ ቀኝ ይቀመጣል! ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ በስም ዱር ውስጥ እሳት ያነደደ፣ ለስንብትም ቢሆን፣ አንገቱን ይቀጣል!»

ሕዝቡን ከጥማቱ በላይ የጎዳው የመጨረሻው ቃል ነበር።

በሰምራድ ልጅ ሲወለድ አባቱ በስም ዱር ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ችግኝ ይተክላል፣ ከሥሩ ውሃ አፍስሶ የልጁን ስም ይጠራል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የልጁና የዛፉ ነፍስ አንድ ናት። ሰውየው በሕይወት ሳለ ዛፉን የነካ ነፍሰ ገዳይ ነው። ሰውየው ሲሞት ደግሞ ሰናባች የሚባል ባለ መጥረቢያ መጥቶ ዛፉን ይቆርጣል፤ ዛፉ ይነዳል፤ ነፍስም በጭሱ ተሳፍራ ወደ ሰማይ ትሄዳለች። ስንብት ማለት ይህ ነው። ስንብት ያላገኘ ሙት በግንዱ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፤ እግሩ ሳይታጠፍ፣ ዓይኑ ሳይከደን።

ደረቅ ሳል የሚሉት ወረርሽኝ ገብቶ አገሩን ካጨደ ወዲህ ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ግርጌ ዱሩ እየተሰናበተ አልቆ ነበር። አሁን ደግሞ ጥማቱ የገደላቸው ሙታን በተረፉት ዛፎች ውስጥ ተኮልኩለው ዝናብ ይጠብቃሉ።

ከሚጠብቁት አንዷ እምናት ነበረች።

እምናትና ወንድሟ ሐዋዝ መንታ ነበሩ። አባታቸው አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠበቀ፤ ሁለት መጡበት። በአንድ ልደት መሬት ሁለት ጊዜ አይቆፈርምና በአንዲት የዝግባ ችግኝ ላይ ሁለት ስም ጠራ። ዛፏ አደገች፣ እነሱም አደጉ። እምናት በጥማቱ ወራት ስትሞት ሽማግሌዎች ከዝግባዋ ሥር ተቀምጠው ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻም እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦

«የሕያው ስም ያለበት ዛፍ አይቆረጥም። ዝናብ ቢመጣም ባይመጣም፣ ሐዋዝ እስኪሞት እምናት ትጠብቃለች።»

ሐዋዝ ይህን ሲሰማ አላለቀሰም። በለቅሶው ላይም አላለቀሰም። ሰዎች ጨካኝ አሉት። ጨካኝ አልነበረም፤ መላ ሰውነቱ እንደተኙበት ክንድ ሆኖበት እንጂ። የራሱ እንደሆነ ያውቃል፤ ግን አይሰማውም። ሰላም ሲሉት ሰላም ይላል። ቁራሽ ሲሰጡት ያኝካል። አንድ ነገር ብቻ አጥርቶ ያውቅ ነበር፤ እሱ አንድ ቀን በኖረ ቁጥር፣ እሷ አንድ ቀን በቁሟ ታድራለች።

ነጋሪቱ በተጎሰመ ዕለት ወደ ቤተ መንግሥት ሄደ።

ንጉሥ አብያር በዙፋኑ ላይ ባዶ የብር ዋንጫ በእጁ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። በጥማቱ የሞተችው ንግሥቲቱም በዛፏ ውስጥ ከሚጠብቁት መካከል ነበረች።

«ዘንዶ ገድለህ ታውቃለህ?» አለው።

«አላውቅም፣ ጃንሆይ።»

«ምን ገድለህ ታውቃለህ?»

ሐዋዝ አሰበ። «ምንም።»

አዳራሹ ሳቀ። ንጉሡ አልሳቀም። «ታዲያ ምን ይዘህ ትሄዳለህ?»

«ጦር ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ጃንሆይ። እኔ ለመመለስ አልጓጓም። እንዲህ ያለ ሰው ግን ብዙ አይመስለኝም።»

ከዘበኞቹ መካከል አንድ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠራረገ። ጎሽሜ ነበር፤ በጉልበቱም በምላሱም የታወቀ።

«ጃንሆይ፣ ይሄ ልጅ ለዘንዶው ቁርስ ይበቃዋል። ምሳ እንዳይቸግረው እኔም ልጨመር።»

የሰምራድ መሐላ በአፈር ነው። የሚምለው ሰው ቁንጥር አፈር ምላሱ ላይ አኑሮ፣ አፈሩ እስኪሟሟ ይናገራል። ሐዋዝ ተንበርክኮ አፈሩን ተቀበለና እንዲህ አለ፦

«ደመናውን ሳላስመልስ ጀርባዬን ለቅርሣን ብሰጥ፣ ስሜ ከዛፌ ይፋቅ! የጠማኝ ውሃ ይሽሸኝ! የረገጥሁት መሬት አልሸከምህም ይበለኝ! ሰማይ ይስማ፣ ምድርም ትያዝ!»

አፈሩ አልሟሟም። አፉ ደርቆ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐዋዝ አፈሩን እንዳለ ዋጠው።

ሰናባች ያልተከተለው ዘማች ከሰምራድ አይወጣም። ሰው በሩቅ አገር ቢሞት፣ የመጨረሻ ቃሉን ሰምቶ ወደ ዛፉ የሚያመጣው ሰናባቹ ነው፤ ቃሉ ለዛፉ ሳይነገር መጥረቢያ አይነሣም። ስለዚህ ታዕካ የምትባል ሰናባች ከአባቷ የወረሰችውን መጥረቢያ በትከሻዋ ጥላ ተከተለቻቸው። ቀጭን፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ነበረች። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ መዳፏ እንደ ኤሊ ጀርባ ሆኗል።

በከተማው በር ላይ የጎሽሜ እናት፣ እማማ ዘሪት፣ በሶ ቋጥረው ጠበቁት። ከወለዷቸው የቀረላቸው እሱ ብቻ ነበር። ቋጠሮውን በደረቱ ላይ እየገፉ፣

«ብላ። ለሰው አታድል፣ ብላ» አሉት።

«እማዬ፣ ዘንዶው ቢለምነኝስ?»

«ጥፋ ከዚህ!» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

መንገዱ ቀድሞ ዱር በነበረው ሜዳ ላይ ነበር። አሁን ጉቶ ብቻ ነው። ጉቶው ዓይን እስከሚያይበት ድረስ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ አንድ ሰው ነበር። ታዕካ መጀመሪያ ላይ እጇን እየዘረጋች ስም ትጠራ ነበር። «ይህ የሸማኔው። ይህች አራሷ። ይህ ስሙ የጠፋኝ፣ ዘፋኙ።» ኋላ ተወችው።

«ይሄ በሶ!» ይላል ጎሽሜ እያላመጠ። «እናቴ ባሕረ ሉልን አትንና ያመጣችው ጨው ነው የሚመስለው። ጠላት አያስፈልገኝም እኮ፣ እናት አለችኝ።»

«ተወው ካልጣመህ» አለችው ታዕካ።

«አንቺ እናት የለሽም እንዴ? ይተዋል?»

ሐዋዝ ዝም ብሎ ይሄድ ነበር። የአጋም ቁጥቋጦ ሲያልፉ እጁን ዘርግቶ ያዘው፤ እሾህ መዳፉ ውስጥ ገብቶ ተሰበረ። ደሙን ያየችው ታዕካ ነበረች።

«አያምህም?»

ሐዋዝ እጁን አገላብጦ አየው። «አይ።»

ልታወጣለት ፈልጋ እጁን ያዘች፤ እሾሁ ግን ጠልቆ ነበር።

በመንገዳቸው በገደል መሐል ያለ፣ ዛፉ ያልተቆረጠ ሸጥ አገኙ። ወረርሽኙ ያልደረሰባቸው የገደላማው አገር ሰዎች ዛፎች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው በሕይወት አሉና ማንም አልነካቸውም። እዚያ አድረው ሲነቁ ልብሳቸው ርሶ ነበር። በቅጠሉ ጫፍ ሁሉ ጠል ተንጠልጥሏል። አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ ትል ይርመሰመስበታል። ከአንዱ ግንድ ሽንቁር የንብ ድምፅ ይሰማል። ስስ ጉም ከዛፎቹ ራስ ላይ እየተነሣ ወደ ተራራው ያመራል፤ ከሸጡ ወጥቶ ጉቶው ሜዳ ላይ ሲደርስ ግን ይበተናል፣ ይጠፋል።

ሦስቱም ቅጠል እየላሱ ይህን አዩ። ታዕካ ከሸጡ ወጥታ እጇን በአንድ ጉቶ ላይ አኖረች፤ ተመልሳ መጥታ በሕያው ግንድ ላይ አኖረች።

«እዚያ የለም» አለች።

«ምኑ?» አለ ጎሽሜ።

«ጠሉ። እኔ በቆረጥሁበት የለም።» መጥረቢያዋን ከትከሻዋ አውርዳ በእጇ ይዛ ሄደች።

ከሸጡ ወዲያ ያለው ሜዳ የአዋራ ጅቦች አገር ነው። ሥር ያልያዘው አፈር ባለቤት አልባ ይሆናል፤ ባለቤት አልባ አፈር ደግሞ፣ ነፋስ ሲያነሣው፣ የራሱን ገላ ይሠራል። ጅቦቹ ከመሬት ተነሡ። ዓይን የላቸውም። አፋቸው ብቻ ነው፤ በአፋቸው ውስጥም ሌላ አዋራ ይሽከረከራል። የጎሽሜ ጦር በአንዱ ደረት ገብቶ በጀርባው ወጣ፤ ጅቡ ተበተነና መልሶ ቆመ። ታዕካ በመጥረቢያ መታች፤ ያው ነው። አዋራው አፍንጫቸውንና ጉሮሮአቸውን እየሞላ ያፍናቸው ጀመር። ሐዋዝ መሐል ቆሞ ይመለከት ነበር። ይህም አንድ መንገድ ነው ብሎ አሰበ፤ እዚህ ቢያልቅ እምናት ትሄዳለች። ከዚያ መሐላው ትዝ አለው፤ ደመናው ገና አልተመለሰም።

«ውሃ!» አለ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «አፈር ናቸው። ውሃ ነው የሚያስተኛቸው።»

ጎሽሜ የውሃ ስልቻውን አፍ በጥርሱ ፈታ። እየተሽከረከረ ዙሪያቸውን ረጨ፤ የነካቸው ጅቦች ጭቃ ሆነው ከእግሩ ሥር ተዘረጉ፣ የቀሩት እያላዘኑ ሸሹ። ስልቻው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ተንጠፈጠፈ።

«አሁን ምን ልትጠጣ ነው?» አለችው ታዕካ።

«ሌላ ስልቻ አለኝ።» ከጀርባው ሌላ ስልቻ አውጥቶ አሳያት፤ ጢም ብሎ ተነፍቷል። «ዘበኛ እኮ ነኝ። ዘበኛ ያለ መጠባበቂያ ይሄዳል?»

«ከእኛ ተካፈል።»

«የእናንተማ ለሦስት ቢካፈል ለማንም አይበቃ። ያንን ጠብቁልኝ፣ የእኔ ሲያልቅ እመጣባችኋለሁ።»

ወደ ተራራው ሲወጡ ጎሽሜ ወደ ኋላ እየቀረ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ስልቻውን ወደ አፉ ያነሣ ነበር። «እሰይ!» ይላል አፉን እየጠረገ። በሶውንም ይበላል፤ ሌላ ምግብ አልነበረም። ቀልዱ ቀስ በቀስ አጠረ። ምላሱ አብጦ ቃላቱ ይደናቀፉ ጀመር፤ ሲስቅ ከንፈሩ ይደማል። ሐዋዝ አየው። አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ አይቶ ነበር፤ ነገር ግን ካየው እስከ ገባው ድረስ መንገዱ ረዘመበት። በዚያ ወራት ሁሉም ነገር እንዲያ ነበር የሚደርሰው፤ ከሩቅ እንደሚጮህ ሰው ድምፅ።

የዘንዶው ዋሻ አፍ ላይ ሲደርሱ ጎሽሜ ድንጋይ ተደግፎ ተቀመጠ፤ አልተነሣም። ታዕካ የራሷን ውሃ በአፉ አንቆረቆረች። ጉሮሮው አልተቀበለውም፤ በአገጩ ፈሰሰ።

«ስልቻህ ሙሉ ነው እኮ! ለምን አልጠጣህም?» አለችው። እያባበለችው ይሁን እየተቆጣችው አይታወቅም።

ጎሽሜ በጣቱ ቅርብ በይ አላት። ሰናባች ናትና ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች።

«ለእናቴ» አለ፤ ቃሉን ለመጨረስ ብዙ ቆየ። «በሶው ጨው አልበዛበትም በያት።»

ሌላ አልተናገረም።

ታዕካ ስልቻውን አንሥታ መዘነችው። ቀላል ነበር። ጎሽሜ ውሃ አልያዘበትም፤ በአፉ ነፍቶ ነው ያሰረው። ውስጡ ያለው የገዛ እስትንፋሱ ብቻ ነው። ታዕካ ስልቻውን በሁለት እጇ አቅፋ ተቀመጠች፤ ቋጠሮውን መፍታት አልቻለችም። ሐዋዝ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ማልቀስ እንደሚገባው ያውቅ ነበር። ጠበቀው። አልመጣም።

ከዋሻው ውስጥ ድምፅ ወጣ። «ማነው በደጄ የሞተው?»

ሉሓም ሥጋ አልነበረውም። በደኅናው ዘመን ተራራውን የሚዞር የጉም ገላ ነበር። አሁን ግን ገላው ደርቆ፣ እንደ ወንዝ ደለል የተሰነጣጠቀ፣ እባብ የጣለው ቆዳ የመሰለ ልብሱ ብቻ በዋሻው ወለል ላይ ተጋድሟል። ዓይኖቹ ከታች ጭቃ የቀረባቸው ሁለት ጉድጓዶች ይመስላሉ። ሐዋዝ ጦሩን ከፍ አደረገ፤ የሚወጋበት ቦታ አላገኘም።

«ደመናችንን መልስ!» አለ። ለዚህ ነበር የመጣው፤ ስለዚህ አለው።

«ካገኘኸው ውሰደው» አለ ዘንዶው። «የሰው ልጅ ሆይ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም፣ መንገድ ነኝ። ባሕሩ ይተነፍሳል፤ ዳር ያለው ዛፍ ይቀበላል። በሥሩ ይጠጣል፣ በቅጠሉ ይተነፍሳል፤ ቀጥሎ ያለው ይቀበለዋል። እንዲህ ከእጅ እጅ እየተቀባበሉ እስከዚህ ያደርሱኝ ነበር። ተራራው ብርዱን ይሰጠኛል፣ ዝናብ እሆናለሁ። ዝናቡ ወንዝ ይሆናል፣ ወንዙ አፈሩን ያጠጣል፣ አፈሩ ዛፉን ያቆማል። ባሕሩ ዛሬም ይተነፍሳል። መሐል ላይ ቆሞ የሚቀበል ግን የለም።»

«የቆረጥናቸው ለሙታን ነው።»

«አውቃለሁ። ጭሳቸው ሁሉ በእኔ በኩል አልፏል። ጭስ ግን ጥም አይቆርጥም።»

ሐዋዝ ጦሩን መሬት ላይ አኖረ። «እንግዲያው ዋጠኝ» አለ። «ደሜም ውሃ ነው። ዝነብበት። እኔ ስሞት እህቴ ትሰናበታለች፤ ሁለታችንም እንገላገላለን።»

ዘንዶው የጭቃ ዓይኖቹን ወደ እሱ አዞረ። «የዝግባይቱ ልጅ ነህ» አለ። «ሁለት ስም ያለባት። በየማለዳው ከሰምራድ ወገን የሚደርሰኝ አንድ ክር እስትንፋስ አለ፤ ከእሷ ነው። እስካሁን ያልሞትሁት በእሱ ነው። አንተ ስትሞት ያቺ ዛፍ ትቆረጣለች፤ እኔም እቆረጣለሁ። ሞትህ ለማንም አይጠቅምም፣ ልጄ። ሌላ ያመጣችሁልኝ ነገር የለም?»

ያን ጊዜ ታዕካ ከደጅ ገባች። ስልቻውን ከዘንዶው አፍንጫ ፊት አኖረች፤ ቋጠሮውንም ፈታች። የጎሽሜ እስትንፋስ ቀስ እያለ ወጣ። ትንሽ ነበር፤ ትንሽ ርጥበት የያዘ፣ በሶ በሶ የሚል። ሉሓም ሳበው። በደረቀው ልብሱ ሁሉ ላይ አንድ መንቀጥቀጥ አለፈ።

«ይህ በፈቃድ የተሰጠ ነው» አለ። «ለመነሣት ይበቃኛል። አንድ ዝናብ እሰጣችኋለሁ፤ ያለኝን ሁሉ ነው የምሰጠው። ከዚያ በኋላ ከታች እስትንፋስ ካልተላከልኝ እኔ የለሁም። ለሰዎችህ ንገራቸው።» ከዋሻው ወጣ፤ በጎሽሜ ሬሳ ላይ ሲያልፍ ፊቱን አረጠበው፤ በተራራው ራስ ላይም እንደ ጥምጥም ተጠመጠመ።

ዝናቡ ጎሽሜን ቀብረው ሲወርዱ ደረሰባቸው። ሜዳው ላይ የአዋራ ጅቦቹ የጭቃ ጉብታ ሆነው ተኝተዋል፤ በአንደኛው ጆሮ ላይ ሣር ማጎንቆል ጀምሮ ነበር። ታዕካ ፊቷን ወደ ሰማይ ይዛ አፏን ከፈተች። ሐዋዝ ውሃው በአንገቱ ወደ ጀርባው ሲወርድ ያያል እንጂ አይሰማውም።

ከተማው ሲቃረቡ ከዝናቡ በላይ አንድ ድምፅ ሰሙ፤ የመጥረቢያ መሳያ ድምፅ።

ዝናብ ዘነበ፤ አዋጁ ተፈጸመ፤ እሳት ተፈቀደ። ሕዝቡ ችቦውን በቆዳ ሸፍኖ፣ ንጉሡን ከፊት አስቀድሞ፣ በተረፈው ዱር ተሰብስቧል። ከተራራው ሁለት ሰዎች ብቻ ሲወርዱ ያዩ እረኞች የጎሽሜን ሞት ቀድመው አውርተው ነበር። እልልታው ቀለጠ። ንጉሥ አብያር ሐዋዝን ከቀኙ አቆመውና ተናገረ፦

«ሕዝቤ ሆይ! ሌባው ወድቋል፣ ደመናችን ተመልሷል! ዛሬ በግንድ ውስጥ ቆመው የጠበቁን ሙታናችን እግራቸውን ያጥፋሉ። ለዚህ ዝናብ ነፍሱን ከሰጠው ከጎሽሜ ጀምሩ!»

እማማ ዘሪት ከልጃቸው ዛፍ፣ ከአንድ ወጣት ወይራ ሥር፣ ጥቁር ለብሰው ቆመው ነበር።

«ጃንሆይ፣ ሌባ አልነበረም» አለ ሐዋዝ። ያየውንና የሰማውን ሁሉ ተናገረ። ድምፁ ከፍም ዝቅም አይልም፤ የሌላ ሰው ታሪክ የሚተርክ ይመስል ነበር። «ዛሬ ዱሩን ካነደድን፣ ይህ የመጨረሻው ዝናባችን ነው።»

«ዘንዶው አሳብዶ ላከው!» አለ አንዱ።

«ቅናት ነው!» አለች አንዲት ሴት እያለቀሰች። «የእሱ እህት ስላልተሰናበተች ነው! ልጄ እዚያ ውስጥ ቆሞልኛል፤ ክረምት ሙሉ ቆሞልኛል!»

ንጉሡ እጁን አነሣ። «ሐዋዝ፣ ሙታንን እስረኛ አድርጉ ነው የምትለን? ሕግ አለን።»

«ሕጉን ነው የምለምነው፣ ጃንሆይ። የሕያው ስም ያለበት ዛፍ አይቆረጥም። በእኔ ላይ የፈረዳችሁት ነው። እንግዲያው በሙት ዛፍ ሁሉ ሥር አንድ ሕያው ውሃ አፍስሶ ስሙን ይጥራ። ያ ሰው ሲሞት ሌላው ይተካ። ለልጁ ጉድጓድ የሚቆፍርም በጉቶው አጠገብ ይቆፍር።»

«እስከ መቼ?»

«ወንዙ እንዲወርድ እስከፈለግን ድረስ።»

እማማ ዘሪት ወደ ሐዋዝ ቀረቡ።

«አንተ ልጅ። ከሙት ጋር በአንድ ዛፍ መኖር እንዴት ነው? አትዋሸኝ።»

«የተኙበት ክንድ ዓይነት ነው፣ እማማ። የራስዎ ነው፤ ግን አይሰማዎትም።»

«ይለቃል?»

«አላውቅም። እኔን እስካሁን አልለቀቀኝም። ግን ይሠሩበታል።»

አሮጊቷ ወደ ታዕካ ዞሩ። «ቃሉን አምጪ።»

ታዕካ ከወይራው ሥር ተንበርክካ እንደ ሥርዓቱ አፏን ወደ ግንዱ አስጠጋች። ሁሉም እንዲሰማ ተናገረች። «ጎሽሜ ይላል፦ በሶው ጨው አልበዛበትም።»

እማማ ዘሪት እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ለጊዜው የለየ የለም።

«ውሸታም» አሉ። «በዝቶበት ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሁለቴ ጨመርሁበት። ከሄደ በኋላ ነው የቀረውን ቀምሼ ያወቅሁት።»

ታዕካ መጥረቢያዋን ይዛ ጠበቀች። የሰምራድ ሕዝብ ሁሉ ጠበቀ። አሮጊቷ መዳፋቸውን ዘርግተው የዝናብ ውሃ እስኪሞላ ድረስ ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከወይራው ሥር አፈሰሱት።

«ዘሪት» አሉ። የገዛ ስማቸው በልደታቸው ቀን ከተጠራ ወዲህ ለዛፍ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ከዚያም ግንዱን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። «ጠጋ በል፣ አንተ። ስትተኛ እንደምትገላበጥ መች አጣሁት።»

ታዕካ መጥረቢያውን ከእግራቸው ሥር አኖረች። ልጇ ክረምት ሙሉ የቆመላት፣ የምታለቅሰው ሴት ቀጠለች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ። ኋላ ንጉሥ አብያር የብር ዋንጫውን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ሲሞላለት፣ ማንንም ሳያስከትል ወደ ንግሥቲቱ ዛፍ ሄደ።

ሉሓም ተመለሰ። በዚያ ዓመት እንደ ክር፣ በኋላ እንደ መቀነት፤ የተተከለው ሲያድግ ደግሞ እንደ ጥምጥም። ወንዙም ይወርዳል። የሰምራድ ሰዎች ግን ከዚያ ወዲህ ዝምተኞች ናቸው ይባላል። እንግዳ ሲያዋራቸው ግማሽ ልባቸው ሌላ ቦታ ያለ ይመስለዋል። አልተሳሳተም፤ ሌላ ቦታ ነው።

ሐዋዝ በዚያች ቀን ችቦው ሁሉ ሲጠፋ ወደ ዝግባዋ ሄደ። ግንባሩን በግንዱ ላይ አስደገፈ። በመሐላው ደመናውን አምጥቷል፤ የሄደበትን ነገር፣ ስንብቷን፣ ግን አላመጣላትም።

«እንግዲህ አልሞትልሽም» አላት። «ስሞትም አትሄጂም። ይኸው ነው ያመጣሁልሽ።»

ከዛፏ ቅጠል ጫፍ ጠብታ ወርዳ ማጅራቱ ላይ አረፈች፤ ቅዝቃዜዋ ተሰማው። ሐዋዝ ትከሻውን ሰብቆ፣ እንዳይወድቅ በመዳፉ ግንዱን ያዘ። ያን ጊዜ፣ ከአጋሙ ቁጥቋጦ ጀምሮ ሥጋው ውስጥ የቆየችው እሾህ ወጋችው።

«ውይ!» አለ።

እጁን ግን ከግንዱ አላነሣም።